የጓድ ዘውዴ ቴሌቪዥን

በ1979 ዓ.ም. ጳጉሜ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ በነጅሙዲን ሱቅ በር ላይ ቆሞ የሥራ ዕቃህን ያዝና ተከተለኝ አለው።

ነጅሙዲን ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግንና በየቤቱ መብራት የሚዘረጋ ሰው ነው። ሙያውን በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ነው የተማረው። በከተማው ሙያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሁሉም የሚጠራው እሱን ነበር። ጠመንጃ የያዘ ሰው ግን ለሥራ ሊጠራው መጥቶ አያውቅም። ሚስቱ ሙሀባ ከጓዳ ብቅ ብላ ጥበቃውን ስታይ ሻሿን አስተካክላ ጫማዋን አጠለቀች። ወዴት እንደሚወስዱት ከሩቅ ሆና ለማየት ነበር። በዚያ ዘመን ሚስቶች ይህን ለምደውታል።

ጥበቃው ወርቁ ይባላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቀወት ገጠር ገበሬ የነበረ፣ አርባውን ያለፈ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። መንገድ ላይ ነጅሙዲን ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ቴሌቪዥን መስቀል ነው አለው። ነጅሙዲን እፎይ አለ። የማን ቤት እንደሆነ ሲሰማ ግን ወደ ኋላ ዞሮ ሙሀባን በዓይኑ ፈለጋት።

ቤቱ የጓድ ዘውዴ ነበር። ጓድ ዘውዴ የከተማው ጸጥታ ኃላፊ ተብሎ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው ሰው የለም። ሰውን በስሙ ጠርቶ፣ ወንበር ስቦ አስቀምጦ፣ ስለ ልጆቹ ጤና ጠይቆ ነው የሚጀምረው። እንዲህ ተጠርተው ሄደው በዚያው የቀሩ ሰዎች ነበሩ።

ነጅሙዲን ሲደርስም እንዲሁ ወንበር ሳበለት። የአብዮት በዓል ስድስት ቀን ብቻ እንደቀረው፣ በዚያ ቀን እንግዶች ቤቱ መጥተው በዓሉን በቴሌቪዥን እንደሚመለከቱ፣ ቴሌቪዥኑ ከአዲስ አበባ ትናንት እንደመጣ ነገረው። ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ አልፈለገም። ከሶፋው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ በብረት መደገፊያ እንዲሰቀልለት ነው የፈለገው። ከዚያ ወርቁ የነጅሙዲንን የዕቃ ሳጥን ከፍቶ መዶሻውን፣ መሮውን፣ ፒንሳውንና ካቻቢቴውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ወረቀት ላይ አሰፈረ። ሲወጣም በዚያው ወረቀት ይፈተሻል፤ ኪሱም ጭምር። ጓድ ዘውዴ ወደ ቢሮው ሄደ።

ቤቱ የጭቃ ቤት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ከባድ ዕቃ ለመስቀል ከልስኑ ስር ያለውን ቋሚ እንጨት ማግኘት ያስፈልጋል። ነጅሙዲን ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ሲያዳምጥ፣ የጭቃ ማቡኪያ ውሃ በባልዲ ይዘው እትዬ ጠይባ ገቡ።

እትዬ ጠይባ የዚያ ቤት ባለቤት ነበሩ። ባላቸው ጋሼ አብዱልወሃብ የታወቁ የእህል ነጋዴ ነበሩ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ሲታሰሩ ቤቱ በአንድ ጠዋት ተወሰደ፤ እሳቸውም እስር ቤት አረፉ። እትዬ ጠይባ ጓሮ ባለችው ማድቤት እንዲኖሩ ተፈቅዶላቸው፣ በየጊዜው ለሚመጡት ሹማምንት ይህንኑ ቤት እየጠረጉ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ አብዱሰላም የሚባል። እሱ በወባ ሞተ ብለው ለቀበሌ አስመዝግበዋል። ሐዘንም ተቀምጠዋል፤ ነጅሙዲን ራሱ ለቅሶ ደርሷቸዋል።

ወርቁ ሲጋራ ሊለኩስ ወደ ውጭ ወጣ። እትዬ ጠይባ ባልዲውን ሲያስቀምጡ ጎንበስ እንዳሉ ተናገሩ።

"ከመስኮቱ በስተግራ፣ በትከሻህ ልክ፣ ልስኑ ውስጥ ቆርቆሮ አለ። የአብዱሰላም ደብዳቤ ነው። አባቱ ናቸው በእጃቸው የመረጉት። ልጁ በሕይወት አለ፣ ነጅሙ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ አውጣልኝ።"

ነጅሙዲን የያዘውን መዶሻ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ያስደነገጠው ቆርቆሮው ብቻ አልነበረም፤ መስማቱ ራሱ አስደነገጠው። ልጁ በሕይወት ካለ የት እንዳለ መጠየቅ አያስፈልግም። በስድሳ ዘጠኝ ከጠፉት ልጆች ያልሞቱት ሰሜን በረሃ፣ ከሸማቂዎቹ ጋር ናቸው። የበረሃ ሰው ደብዳቤ ተገኝቶበት የተረፈ ደግሞ የለም።

"እትዬ፣ ምነው ባይነግሩኝ ኖሮ" አለ ቀስ ብሎ። "ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ግን ይህን ግድግዳ እንዲሰብር የተፈቀደለት ሰው እስከ ዛሬ አልመጣም።"

ወርቁ ተመለሰ፤ እሳቸውም ባልዲያቸውን ይዘው ወጡ።

ነጅሙዲን ቁርጥ አደረገ። አይነካውም። ሦስት ልጆች አሉት። ከተባለው ቦታ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ፣ ከኮርኒሱ በታች ሁለት ቋሚዎች አግኝቶ ምልክት አደረገና መቦርቦር ጀመረ። ቴሌቪዥኑንም ከካርቶኑ አውጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠና የጀርባ ክዳኑን ፈታው። በጭነት መኪና ተንገላቶ የመጣ ዕቃ ውስጡ ሳይታይ መብራት ላይ አይሰካም።

ጓድ ዘውዴ ለምሳ መጣና ሶፋው ላይ ተቀምጦ ምልክቱን ተመለከተ። አንገቱን ወደ ላይ አቀና፤ ዝቅ አደረገ፤ እንደገና አቀና። ከፍ ብሏል አለ፤ አንገት ያሳምማል። ነጅሙዲን ቋሚ እንጨቱ እዚያ ላይ ጠንካራ እንደሆነ፣ ዝቅ ካለ ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ምስሉን እንደሚያጠፋው አስረዳ። ጓድ ዘውዴ እስኪጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማው። ከዚያ ተነሥቶ ከመስኮቱ በስተግራ፣ በትከሻው ልክ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

"እዚህ ይሁን። ፀሐዩን በመጋረጃ እንከልለዋለን። ምን አላበህ፣ ጓድ ነጅሙዲን?"

ነጅሙዲን የቆላው ሙቀት ነው አለ። እውነትም የጳጉሜ ሙቀት ነበር።

ከምሳ በኋላ ወርቁ ብቻ ከሱ ጋር ቀረ፤ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ነጅሙዲን መሮውን አሁን በተባለው ቦታ ላይ ተከለ። ምናልባት አሮጊቷ ቦታውን ተሳስተው ይሆናል እያለ ተስፋ ያደርግ ነበር። በአራተኛው ምት ልስኑ ተፈነከተና ውስጡ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ጣቱን ሲሰድ ብረት ነካ። ትከሻውን ለወርቁ እይታ ከልሎ ጭቃውን በጥፍሩ ፈቀፈቀ። የከረሜላ ቆርቆሮ ናት፤ ከመዳፍ አትበልጥም፣ በሻማ ታሽጋለች።

አሁን መተው አይችልም። ቦታው የብረቱ ብሎን የሚገባበት ነው፤ ቆርቆሮዋን እዚያው ቢመርጋት ብሎኑ ይበሳታል፤ ቢተዋት ጓድ ዘውዴ ማታ መጥቶ ጉድጓዱን ያያል። የዕቃ ሳጥኑ ይፈተሻል። ኪሱም ይፈተሻል።

በዚያች ቅጽበት ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማና ወርቁ በሩን ሊከፍት ተነሣ። ነጅሙዲን ያሰበበት አይመስለውም። ቆርቆሮዋን ከጉድጓዱ ስቦ ጎንበስ አለና ወደ ተከፈተው ቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ፣ በጨርቅ ወትፎ አስገባት። ክዳኑን ገጠመና አራቱን ብሎኖች አጠበቀ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ችግር አለበት ብሎ ወደ ሱቁ ይወስደዋል፤ እዚያ ያወጣታል።

መኪናው ግን የመጣው ጓድ ዘውዴን ይዞ ነው። ቢሮ አልቆየም።

ነጅሙዲን ግድግዳውን መርጎ፣ ብረቱን አስሮ፣ እጁን እየጠራረገ ነገሩን አነሣ። ቴሌቪዥኑ መንገድ ላይ ሳይጎዳ አልቀረም፤ ሱቅ ወስዶ በመለኪያ ሊፈትሸው ይፈልጋል፤ ነገ ጠዋት ይመልሰዋል።

ጓድ ዘውዴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባበረ።

"አዲስ አበባ ሲሠራ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምኑ ተጎዳ?"

"የሚላላ ሽቦ ያለ ይመስለኛል፣ ጓድ።"

"ታዲያ ለምን ትሸከመዋለህ። እዚሁ ክፈተው። እኔም ውስጡን አይቼ አላውቅም።"

ነጅሙዲን ካቻቢቴውን አነሣ። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። ጓድ ዘውዴ ከሶፋው ተነሥቶ ሲጠጋ የጫማው ድምፅ ከኋላው ተሰማው። ያን ጊዜ ያዳነው ሙያው ነው።

"ጓድ፣ እባክዎ አይጠጉ" አለ። "ይህ የምስሉ መስታወት ከመብራት ተነቅሎም ኃይል ያቆያል። አሰብ ላይ አንድ ጓደኛዬን ጥሎታል፤ አልተነሣም።"

ይህ ውሸት አልነበረም። ለዚህም ይሆናል ድምፁ ያልተሰበረው። ጓድ ዘውዴ ቆመ። ጥቂት አሰበና ወደ በሩ ዞሮ ወርቁን ጠራው። ባትሪህን አብራለት፣ ውስጡንም አይተህ ንገረኝ አለው።

ወርቁ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተንበረከከ። ነጅሙዲን የመጨረሻውን ብሎን ፈትቶ ክዳኑን አነሣ። የባትሪው ብርሃን በመስታወቱ አንገት ላይ አለፈ፣ በሽቦዎቹ ላይ ተንሸራተተ፣ ወርዶም ድምፅ ማጉያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጨርቁ ተንሸራቶ የቆርቆሮዋ ጥግ ታየ። ቀይ ቀለም ነበራት፤ የግድግዳው ጭቃ ገና አልረገፈላትም። ጥግ ላይ ያለው ጭቃ እዚያው ወለሉ ላይ ከፈሰሰው ጭቃ ጋር አንድ መሆኑን ለማወቅ ሬዲዮ መጠገን መቻል አያስፈልግም። ወርቁ ወለሉን አየ። ግድግዳውን አየ። ከዚያ የነጅሙዲንን ፊት አየ።

ነጅሙዲን ሰው ሊሞት ሲል የሚለውን ሸሃዳ በልቡ ያዘ።

"ምን ይታይሃል?" አለ ጓድ ዘውዴ።

"ሽቦ ነው፣ ጓድ" አለ ወርቁ። "አቧራም አለ።"

ነጅሙዲን አንድ ያልላላ ሽቦ እንደላላ አድርጎ ነካክቶ ክዳኑን መለሰ። ከወርቁ ጋር ተጋግዘው ቴሌቪዥኑን አንሥተው ብረቱ ላይ አሳረፉት። ቆርቆሮዋ ከነደብዳቤዋ ግድግዳው ላይ ተሰቀለች፤ ጓድ ዘውዴ ማታ ማታ በሚመለከተው ዕቃ ውስጥ።

ከዚያ በኋላ ነጅሙዲን እንቅልፍ አጣ። የሚፈራው አንዴ ጓድ ዘውዴን፣ አንዴ ወርቁን ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? ከዝምታው የሚያተርፈው ነገር ይኖራል፤ ወይም ጊዜ እየጠበቀ ነው። የውሃ ቧንቧው ጋ እትዬ ጠይባን አግኝቶ ውስጡ ነው ብሏቸው ነበር፤ አልገባቸውም። ሊያብራራ ሲል ሰው መጣ። ለሙሀባ ምንም አልነገራትም። እሷ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፊቱን ታያለች።

መስከረም ሁለት ማታ፣ ምስሉ ቢጠፋ አንቴናውን እንዲያስተካክል ተብሎ ከእንግዶቹ ጋር እንዲቀመጥ ታዘዘ። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ ንግግሩ እየታየ አንድ ሰዓት እንደሄደ፣ ቤቱን የተቃጠለ ቀለም ሽታ ሞላው። ቴሌቪዥኑ ግሎ ቆርቆሮዋን አሙቋታል። እንግዶቹ አፍንጫቸውን እየያዙ መተያየት ጀመሩ። ጓድ ዘውዴ ወደ ነጅሙዲን ዞረ።

ነጅሙዲን አዲስ ዕቃ ሲሞቅ ቀለሙ ይሸታል፣ በሳምንት ውስጥ ይለቃል አለ። ጓድ ዘውዴ ራሱን ነቅንቆ ወደ ምስሉ ተመለሰ። ውሃ እያደሉ የነበሩት እትዬ ጠይባ ግን ነጅሙዲንን አዩት፣ ዓይኑ ያረፈበትን ቴሌቪዥን አዩ፣ እናም ገባቸው። የያዙት ትሪ ዘመም አለና ውሃው በአንድ እንግዳ ጉልበት ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ እየጠየቁ ጎንበስ ብለው ወለሉን ሲጠርጉ ነጅሙዲን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወርቁ ብቻውን ወደ ሱቁ መጣ። ነጅሙዲን ቀኑ ደረሰ አለ በልቡ። ወርቁ የማይሠራ የእጅ ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አጠገቡም በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር።

"ጓድ ለሁለት ቀን ደብረ ብርሃን ወጥተዋል" አለ። "እጄ እንዳንተ የለመደ አይደለም፤ ክዳኑን ስከፍት አንድ ብሎን ጠፋብኝ። ስትመጣ ተካው።"

ነጅሙዲን ጨርቁን ሳይፈታ በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ለምን ብሎ ጠየቀ። ወርቁ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። የቆርቆሮዋ ሻማ በሙቀቱ ቀልጦ ክዳኗ ተከፍቶ ስለነበር፣ ከደብዳቤው ጋር ያለውን የአንድ ወጣት ፎቶ እንዳየ ተናገረ። ማንበብ አይችልም፤ ፎቶ ግን ማየት ይችላል። የራሱ ልጅ ባለፈው ዓመት ከእርሻ ላይ ተይዞ ወደ ሰሜን ጦር ተልኳል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

"የኔም ልጅ እናት አንዲት ወረቀት ብታገኝ ብዬ አስቤ ነው" አለ። ባትሪውን እዚያው ትቶ ሄደ።

በማግስቱ እትዬ ጠይባ የሚጠገን ሬዲዮ ያመጡ መስለው መጡ። ሙሀባ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ ነጅሙዲን ያለውን ትልቁን ሬዲዮ ከፍ አድርጎ ከፈተ። እትዬ ጠይባ ፊደል አልቆጠሩም፤ ድሮ የሚያነቡላቸው ባላቸው ነበሩ። አሁን ነጅሙዲን አነበበላቸው፤ ሦስት ደብዳቤ ነበር። አብዱሰላም ቁስለኛ ማከም መማሩን፣ ተራራው ብርድ እንደሆነና የሸዋ ሮቢትን ሙቀት እንደናፈቀ፣ ሳይሰናበት በመሄዱ አውፍ ብለው ይቅር እንዲሉት ጽፏል። ደብዳቤውን የሚያደርሰው የካራቆሬ ነጋዴም በስሙ ተጠቅሷል። ሰውየው ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ ከተማው ገበያ ላይ በርበሬ ይሸጣል። ነጅሙዲን ስሙን ሲያነብ ድምፁን ወደ ሹክሹክታ አወረደው።

እትዬ ጠይባ ሦስት ጊዜ አስነበቡት። አላለቀሱም። ከዚያ ወረቀቶቹን ተቀብለው፣ ነጅሙዲን የብየዳ ብረቱን በሚያግልበት የከሰል ምድጃ ውስጥ አንድ በአንድ በገዛ እጃቸው አስገቡ። ፎቶውን ግን ነጅሙዲን ቢለምናቸውም እምቢ አሉ፤ ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ።

ጓድ ዘውዴ ከደብረ ብርሃን በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ነጅሙዲንን አስጠራው። እስከዚያ ወደ ቤቱ የጠራው ስላልነበረ ብሎኑ አልተተካም ነበር። ወንበር አልሳበለትም። ቴሌቪዥኑ ስር አቁሞ በጣቱ ባዶውን ቀዳዳ አሳየው።

"ይህን ማን ነው የከፈተው?"

ወርቁ በሩ ላይ ቆሟል። ነጅሙዲን አላየውም።

"እኔ ነኝ፣ ጓድ። ያን ቀን በጥድፊያ ሦስቱን ብቻ ነው የገጠምኩት።"

ጓድ ዘውዴ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በበዓሉ ማግስት አቧራ ሲያስጠርግ አራቱንም ብሎኖች በቦታቸው እንደቆጠረ ነገረው። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ አንድ መስመር ጻፈና ብሎኑን ተክተህ ሂድ አለው። ነጅሙዲን ብሎኑን ለማስገባት አምስት ጊዜ ሞከረ።

በዚያ ሳምንት ሊይዙት ይመጣሉ ብሎ ልብሱን በከረጢት አዘጋጅቶ ጠበቀ። አልመጡም። በሳምንቱ መጨረሻ ግን ከከተማው ጥበቃዎች አራቱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንደሚላኩ ተነገረ፤ አንዱ ወርቁ ነበር። መስመሩ የተጻፈው ስለ እሱ ይሁን፣ ወይም ተራው ደርሶ፣ ነጅሙዲን እስከ ዛሬ አላወቀም። መኪናው በሱቁ ፊት ሲያልፍ ወጥቶ ቆመ። ሰው ስለነበረ እጁን ማንሣት አልደፈረም። ወርቁም ወደ እሱ አልዞረም።

ኅዳር ላይ ነጅሙዲን በእግሩ ወደ ቀወት ወረደና እየጠየቀ የወርቁን ቤት አገኘው። ሚስቱ አስካለ ማሽላ ትወቃ ነበር። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ሰጣትና እንዴት እንደሚከፈት አሳያት። ከባሏ ጋር የት እንደተዋወቁ ጠየቀችው። አንድ ቤት አብረን ሠርተናል አላት። ከወርቁም ሆነ ከልጃቸው ምንም እንዳልሰማች ነገረችው፤ የሚሰማ ነገር ካለ ብላ ሬዲዮውን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ያዘችው። ነጅሙዲን ወርቁ ያደረገለትን ሊነግራት ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ይሰማ እንደሆነ መንገዱን ዞር ብሎ አየና ተወው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ከተማው ተመለሰ።